በእንግሊዝኛ የደነገጡት አባት

ቲቸርን ሰው ሁሉ ቲቸር ነው የሚላት። ወንድሟም፣ የወንድሟ ሚስትም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም። እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ድንገት በዚያ ስም ብትጠራ እሷ ራሷ ዞር ማለቷን እንጃ። በዚያ ሳምንት ግን ቲቸር መባሉ አንገሽግሿት ነበር። ያንገሸገሻት ደግሞ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ ጋራዥ አለው። የተጨረማመተ መኪና ላሜራውን ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ለብጦ፣ ቀለም ቀብቶ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ አስመስሎ ይመልሳል። እጁ ወርቅ ነው። ትዕግሥቱ ግን ለቆርቆሮ ብቻ ነው የተሰጠችው፤ ሰው ላይ ሲደርስ ታልቅበታለች። ሰኞ ደወለላት። ማክሰኞም ደወለ። ረቡዕ ፈተና ስታርም፣ ሐሙስ ደግሞ ተማሪዎች ፊት ቆማ ጠመኔ እንደያዘች ደወለ።

"እሁድ እንዳትቀሪ።"

"አልቀርም አልኩህ እኮ ጋሼ።"

"አደራ፣ አርፍደሽ እንዳታዋርጂኝ። ሰውየው ባህር አቋርጠው ነው የመጡት።"

የሰውየው ነገር እንዲህ ነው። የወንድሟ አንዲት ሴት ልጅ፣ ነርሷ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ልታገባ ነው። ልጁ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ለሥራ መጥቶ፣ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ፣ ከበሽታው ድኖ ከነርሷ ግን ሳይድን የቀረ። አሁን አባቱ የልጅቱን ቤተሰብ ሊተዋወቁ መጥተዋል፤ እሁድ ምሳ ተጋብዘዋል። ከእንግሊዝኛ በቀር የሚያውቁት ቋንቋ የለም። የሷ ወንድም ደግሞ ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው የመኪና ዕቃ ስም ብቻ ነው።

"ልጁ ራሱ ለምን አያስተረጉምም?" አለችው። "ቋንቋችንን ይሞካክራል። ልጅህም ብትሆን እንግሊዝኛዋ ከኔ አይተናነስም።"

"ባለጉዳይ አስተርጓሚ ይሆናል እንዴ? የሚጥማቸውን እየመረጡ ሊነግሩኝ? እኔ የማምነው አንቺን ነው።"

"እሺ። በቃ፣ አሁን ክፍል ውስጥ ነኝ።"

"ክፍል ውስጥ ከሆንሽ ታዲያ ስልክ ለምን ታነሻለሽ?"

ስልኩን ዘግታ ግንባሯን ሰሌዳው ላይ ልትደገፍ ምንም አልቀራትም። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ።

እንዲያም ሆኖ ለወንድሟ ስትል ብቻ አልነበረም እሺ ያለችው። ልጅቱ የሷም ልጅ ናት። የነርስነት ትምህርት ቤቱ ለቲቸር ቤት ይቀርብ ስለነበር፣ እስክትመረቅ ድረስ ያደረችው አክስቷ ጋ ነው። አንድ ክፍል ተጋርተው፣ አንድ መብራት ሥር አንዷ ፈተና ስታርም አንዷ ስለ ኩላሊት ስታጠና ኖረዋል። ልጅቱ የመጀመሪያዋን መርፌ ስትወጋ እጇ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ የነገረችው ለአክስቷ ነው። መሐንዲሱ እንደወደዳት ከእናቷ በፊት የሰማችውም አክስቷ ናት። ቲቸር የራሷ ልጅ የላትም፤ ግን ልጅ የለኝም ብላ አስባ አታውቅም።

እሁድ ስትደርስ ቤቱ ተገለባብጧል። የወንድሟ ሚስት መጋረጃ ቀይራ፣ መጋረጃው ሶፋው ጋ አልሄድ ብሏት የሶፋውን ልብስ ቀይራ፣ የሶፋው ልብስ ደግሞ ምንጣፉን አሮጌ ስላስመሰለባት ምንጣፉን ጠቅልላ ጓዳ ወርውራዋለች። ወንድሟ ክራቫት አስሮ አንገቱን እንደ ታሰረ በሬ ያወዛውዛል። ጥግ ላይ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ሪሴፕሽን ተቀምጧል።

ሪሴፕሽን የወንድሟ ሚስት ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። እንግሊዝኛው "እንኳን ደህና መጡ" ከሚለው ጀምሮ "ቁልፍዎን ያስረክቡ" እስከሚለው ድረስ እንከን አይወጣለትም። ከዚያ ወዲያ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል እንጂ ሲገናኙ የሚሆኑትን አያውቅም። ለማስተርጎም እሱ ባለመመረጡ አኩርፏል።

"ቲቸር፣ እንዴት ነሽ?" አላት፣ ቀና ሳይል። "እኔ ዛሬ አድማጭ ነኝ።"

ምነው አድማጭ በሆነ።

እንግዳው ከልጃቸው ጋር መጡ። ረጅም፣ አንገታቸው ፀሐይ ያቀላው፣ ፈገግታቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በእግር ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው አሁን ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። የሁሉንም እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ጭማቂ ቀረበ። ቲቸር በሁለቱ አባቶች መሀል ዱካ ላይ ተቀመጠች።

እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንደሰማች ቲቸር የቀኑን መጥፎነት ተረዳች። ሰውየው በቀጥታ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። አገራቸው ያፈራውን ፈሊጥ ሁሉ በቦርሳቸው ሞልተው የመጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ደውሎ ላገባ ነው ባላቸው ጊዜ ነገሩ "ከጎን ገጭቶ ጣላቸው"፤ "በላባ ቢነኳቸው ይዘረሩ" ነበር።

"ልጄ ላገባ ነው ሲለኝ ክው አልኩ፤ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ ነው የሚሉት" አለች ቲቸር።

ወንድሟ ቅንድቡን ሰበሰበ። "ለምን ክው ይላሉ? ክፉ ነገር ሰሙ እንዴ?"

"በደስታ ነው ጋሼ።"

"በደስታ ክው ይባላል?"

"እሳቸው ብለዋል። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።"

"ላባ ብለዋል እኮ" አለ ሪሴፕሽን ከጥግ። "ላባውን ዘለልሽው።"

"አልዘለልኩትም። አነጋገር ነው።"

"ላባ ላባ ነው። እኛ ሆቴል ትራሱ በሙሉ ላባ ነበር።"

"ትራስ ፈለጉ?" አለች የወንድሟ ሚስት፣ እንግዳ ሲጎድልበት እንደ እሳት የሚፈጃት ሴት ናትና። ማንም ሳይመልስላት ጓዳ ገብታ ትልቅ ትራስ አምጥታ ከእንግዳው ጀርባ ሸጎጠችው። እንግዳው በደግነቷ ተነኩ። እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ በጉሮሯቸው "እብጠት" እንደወጣ ተናገሩ።

"እንባ ተናነቀኝ ነው የሚሉሽ።"

"እብጠት ነው ያሉት!" ሪሴፕሽን ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ጉሮሯቸው ላይ እብጠት አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት!"

"ውይ በሞትኩት!" አለች የወንድሟ ሚስት። "ልጄ፣ ተነሺ እስኪ እያቸው። ነርስ አይደለሽ?"

ልጅቱ አፏን በእጇ ሸፍና በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። መሐንዲሱም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እንግዳው፣ ሰው ሁሉ አንገታቸውን ለምን እንደሚያይ ስላልገባቸው፣ ሸሚዛቸው ላይ ጭማቂ የፈሰሰ መስሏቸው ደረታቸውን ጠራረጉ።

"እባካችሁ!" አለች ቲቸር። "እብጠት የለም። ትራስ አልጠየቁም። ሰውየው ነገሩ ልባቸውን ነካው፣ ይኸው ነው!"

"አንድ ሰው ይተርጉም!" ብሎ ወንድሟ ጠረጴዛውን መታ።

ቲቸር ይህን ትምህርት በየዓመቱ ታስተምረዋለች። ለተማሪዎቿ ስትነግራቸው ሁልጊዜ ይስቃሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ነገር ሲከብዳቸው ከውጭ ነው የሚመታቸው፤ ይገጫሉ፣ ይዘረራሉ፣ ስፌታቸው ይተረተራል፣ የቆሙበት ምንጣፍ ከሥራቸው ይሳባል። እኛን ደግሞ ከውስጥ ነው፤ ሆዳችን ይባባል፣ አንጀታችን ይላወሳል፣ ቅስማችን ይሰበራል። ክፍል ውስጥ ይህን ማስረዳት ደስ ይላል። ሪሴፕሽን በተቀመጠበት ሳሎን ግን ፍዳ ነው።

ሰውየው ጥቂት አረፍ ብለው ቀጠሉ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ አለ። ልጃቸው መጀመሪያ እዚሁ እቀራለሁ ብሎ የጻፈላቸው ጊዜ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። "ሆድ ዕቃዬ ተዘረገፈ" አሉ።

"ባለቤቴን በሞት ባጣሁ ማግሥት ልጄም ርቆ ሊቀርብኝ መሆኑን ስሰማ አንጀቴ ቁርጥ አለ" አለች ቲቸር። ሪሴፕሽን አፉን ሲከፍት በዓይኗ አየችው፤ ዘጋው።

ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ አለ። ክራቫቱን ፈታ አደረገና ወደ እንግዳው ጠጋ አለ።

"ነፍስ ይማር በያቸው። ልጅ ሲርቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ በያቸው። ይቺ ልጅ ለትምህርት አንቺ ጋ የገባች ጊዜ፣ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቦታ ሆና እንኳ፣ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ንገሪያቸው።"

ነገረቻቸው። እንግዳው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጃቸውን ዘርግተው የወንድሟን ክንድ ያዙና በዝግታ፣ በጥንቃቄ ተናገሩ። ቲቸር ለመተርጎም እንደ ልማዷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች።

ለዚህ ነው፣ አሉ እንግዳው፣ ከእኔ የተሻሉ ሰው ነዎት የምለው። ባለፈው ወር ሁለቱም ደውለው "ከሰርጉ በኋላ መጥተን አብረንህ እንኖራለን" ሲሉኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በቁሜ ብትንትን አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ያሰብኩት ስለ እርስዎ ነው። አንዲት ልጃቸውን ወደኔ ሲለቁ እኚያ አባት ምን ሆነው ይሆን አልኩ።

ቲቸር ከእንግዳው ፊት ዓይኗን ነቅላ ዞረች።

ልጅቱን አየቻት። ልጅቱ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ጭንቅላቷን በጭንቅ በሚታይ አኳኋን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። መሐንዲሱ ጫማውን ያያል። የወንድሟ ሚስት በድንገት የጭማቂ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

ከሰርጉ በኋላ። ባለፈው ወር። ባለፈው ወር እኮ ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ቤት እየመጣች እዚያው ወንበሯ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ስለ ሰርግ ጫማዋ ቁጥር ስታወራ ነበር! ቲቸር የተሰማት ንዴት ይሁን ሌላ አላወቀችውም። ለጊዜው ንዴት ነው ብላ ያዘችው፤ ንዴት ይቀላል። አሁን ከአፏ የሚወጣ ቃል ሁሉ ወይ ውሸት ወይ መርዶ ነው። ደግሞስ ለምን በሷ አፍ?

"ምን አሉ?" አለ ወንድሟ።

"ይሄን እኔ አልተረጉምም።"

"እንዴት አትተረጉሚም?"

"አልተረጉምም አልኩ። ሌላ ሰው ይንገርህ።"

"ሰደቡኝ?"

"ኧረ አልሰደቡህም ጋሼ!"

"ታዲያ ምን አሉ? እዚህ ድረስ ክንዴን ይዘው?"

ሪሴፕሽን ሲጠብቃት የኖራት ቀን መጣችለት። ኮቱን ቆልፎ ተነሣ።

"እኔ ልንገርህ። 'ሁለቱም ሲነግሩኝ አለቀስኩ፤ ብትንትኔ ወጣ' ነው ያሉት። ቃል በቃል። በጋብቻው አዝነዋል ማለት ነው።"

"ዝም በል አንተ!" አለች ቲቸር። ግን ረፍዷል። ወንድሟ ተነሥቷል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ገመድ አክሎ ነበር።

"ልጄን ንቀው ነው? የኔ ልጅ ምን ይወጣላታል? ቤቴ ተቀምጠው፣ ምሳዬ እየተሰናዳላቸው... ካልፈለጉ በሩ ያውና! ንገሪያቸው፣ በሩ ያውና!"

እንግዳው ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልገባቸውም። የገባቸው፣ የልጅቱ አባት በስሜት ተውጦ ከመቀመጫው መነሣቱ ነው። ስለዚህ እሳቸውም ተነሡ። ትራሱ ወደቀ። ሁለት ረጃጅም ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸው በርቶ፣ ሊያቅፉት ተራመዱ።

"አባዬ፣ ተው!" ልጅቱ መሀላቸው ገባች። "እሳቸው ምንም አላሉም። እኔ ነኝ። የምሄደው እኔ ነኝ።"

ወንድሟ እንደቆመ ቀረ። "የት ነው የምትሄጂው?"

"እሳቸው አገር። ከሰርጉ በኋላ።"

"ለጉብኝት?"

ልጅቱ ራሷን በአሉታ ነቅንቃ እናቷን አየች። ወንድሟ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱ ብርጭቆዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ወለሉን ታያለች።

"አንቺ ታውቂያለሽ?"

"ቀን እየጠበቅን ነው እንጂ... አንተም እኮ አመልህ ያስፈራል።"

"አንቺስ?" አለ ወደ ቲቸር ዞሮ።

"እኔ?" አለች ቲቸር፤ ድምፏ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። "እኔ ይኸው እዚች ዱካ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ! ያውም በእንግሊዝኛ!"

ወንድሟ ክራቫቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ ወረወረው ቢባል ይቀል ነበር፣ ግን አጥፎ አስቀመጠው። "ወሽመጤን ቆረጣችሁት" አለ፣ ቀስ ብሎ። ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ከጋራዡ በኩል የመዶሻ ድምፅ ተሰማ።

እንግዳው ክንዳቸው እንደተዘረጋ ወደ ቲቸር ዞሩ። ምን አሉ? ምን አጠፋሁ?

ቲቸር ወሽመጥ የቱ ጋ እንደሚገኝ ራሷም በትክክል አታውቅም። ደግሞም ደክሟት ነበር። ፈሊጡን ሁሉ ተወችና በቀላል እንግሊዝኛ፣ አንደኛ ክፍል እንደሚያስተምር ሰው፣ ነገረቻቸው። ልጁ እንደምትሄድ ዛሬ ነው የሰማው። የሰማውም በእርስዎ ምክንያት ነው። ማንም አልነገረውም ነበር። ለእኔም ቢሆን።

የእንግዳው አንገት ነጣ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና ተናገሩ። በዚያ ንግግር ውስጥ ላባም እብጠትም አልነበረም። በሰው ቤት አሞኘኸኝ አሉት። ሰውየውን በገዛ ሳሎኑ አደማኸው፣ ያውም በእኔ እጅ። መሐንዲሱ ጆሮው ቀላ። ሪሴፕሽን ይህችን ያለምንም ችግር ተረድቷት ኖሮ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ቲቸር ወጥ ቤት ስትገባ ልጅቱ ውሃ ከፍታ ያልቆሸሸ ሰሃን ታጥባለች።

"ዝጊው ውሃውን።"

ዘጋችው።

"አባትሽን ፈራሽ፣ እሺ ይሁን። እሱን የማይፈራ የለም። እኔን ምን ብለሽ ነው?"

"አንቺን ነው ይበልጥ የፈራሁት" አለች ልጅቱ፣ ወደ ግድግዳው እያየች። "አባዬ ይጮሃል፣ ይደበድባል ቆርቆሮውን፣ ይወጣለታል። አንቺ ግን እሺ ትያለሽ። 'እሺ የኔ ልጅ፣ ሂጂ' ትይኛለሽ፤ ከዚያ ቤት ገብተሽ ብቻሽን... እሱን ማየት አልቻልኩም አክስቴ።"

"ስለዚህ እንዳላይ ብለሽ አስተርጓሚ አደረግሽኝ።"

"አላሰብኩትም። ስለዚህ ጉዳይ እንዳያነሡ እጮኛዬ የነገራቸው መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ እኔ ለአባዬ የነገርኩት መስሎት ነበር።"

"አየሽ? ሁለታችሁም አንድ ቋንቋ ስታወሩ ነው ይሄ ሁሉ!" ልጅቱ ልታቅፋት ስትጠጋ እጇን አነሣች። "አይሆንም። ዛሬ አታባብይኝ። ዛሬ ተናድጃለሁ፤ ተይኝ ልናደድ።"

ወደ ጋራዡ ስትሄድ እንግዳው ተከተሏት። እዚያ ቢቀሩ ይሻላል አለቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ግትር ናቸው። የዛሬው ቀን ግትር አላጣም።

ወንድሟ የአንዲት ቢጫ ታክሲ በር አጋድሞ ይቀጠቅጣል። በሩ ትናንት ተቃንቶ ያለቀ በር ነበር።

"የሰው በር እያጎበጥክ ነው" አለችው።

"አውቃለሁ።"

እንግዳው ትንሽ ቆመው አዩና መናገር ጀመሩ። ቲቸርም ተረጎመች። አሁን ሥራው ቀላል ነበር፤ ሰውየው ዓረፍተ ነገሮቻቸውን አሳጥረው፣ አንድ ባንድ፣ እሷን እየጠበቁ ነው የተናገሩት። አላወቅኩም ነበር። ባውቅ አፌን ለመክፈት አልደፍርም ነበር። ኑ ብዬ አልለመንኳቸውም። አይሆንም የሚሉ ከሆነ ለልጄ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

"አይሆንም ብል ትቀራለች?" አለ ወንድሟ፣ መዶሻውን ሳያስቀምጥ።

"አትቀርም።"

"እሳቸው ናቸው ያሉት?"

"አይደሉም። እኔ ነኝ የምልህ። ሃያ ጊዜ አይሆንም በላት፣ ትሄዳለች፤ ተጣልታህ ትሄዳለች። የወለድካት አንተ ነህ፣ አንተን ነው የመሰለችው።"

ወንድሟ መዶሻውን በመዳፉ አገላበጠ። እንግዳውን ከእግር እስከ ራስ አያቸው፤ የተወለወለውን ጫማቸውን፣ ለዚህ ቀን የገዙትን የሚመስለውን ሸሚዝ።

"ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?"

"ብቻቸውን።"

"ማን ነው ምግብ የሚሠራላቸው?"

ጠየቀቻቸው። እንግዳው ትከሻቸውን ሰበቁ። ዳቦና አይብ፣ አሉ። አንዳንዴ እንቁላል። ቆሜ ነው የምበላው፣ መስኮቱ ጋ፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

ቲቸር ተረጎመች። ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም።

ወንድሟ መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ በሩን አነሣና ከግድግዳው አስደገፈው፤ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

"እኛ ቤት ቆሞ አይበላም በያቸው። ምሳው ሳይቀዘቅዝ እንግባ። ንዴቴ ግን አልበረደም። እሱንም በያቸው።"

ሁለቱንም ነገረቻቸው። እንግዳው ሁለቱንም ሰምተው፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም አይበርድልኝም ነበር አሉ። ምሳው ተበላ። ማንም ብዙ አላወራም፤ ሪሴፕሽን ብቻ ጨው ለማቀበል በእንግሊዝኛ ፈቃድ ጠየቀ።

ሰርጉ ተደረገ። ወንድሟ ፎቶ ላይ አልሳቀም፤ ከፎቶ ውጭ አንድ ሁለቴ ስቋል። ልጆቹም ጉዟቸውን ለጥቂት ወራት አዘገዩት። ከሁሉ ቲቸርን ያበሳጫት ግን ወንድሟ በሚስቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሲበርድ፣ በልጁ ላይ የነበረውም ሲበርድ፣ በሷ ላይ የነበረው አልበርድ ማለቱ ነው።

"አስተርጓሚ የተባለውን ይናገራል" ይላል ለሰው። "እሷ ግን ባደባባይ አልተረጉምም አለችኝ።"

ይባስ ብሎ፣ ከእንግዲህ የማንም አስተርጓሚ ጥገኛ አልሆንም ብሎ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ። ከማን? ከሪሴፕሽን! ከሥራ በኋላ ሁለቱ ጋራዡ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጠው "ሻንጣዎን ልያዝልዎት?" ሲባባሉ ያምሻሉ። ቲቸር አንድ ቀን ደጅ ቆማ ሰምታቸው፣ ላርማቸው ወይስ ልሂድ ስትል ቆየችና ጥርሷን ነክሳ ሄደች።

ልጅቱ ወደ አክስቷ ቤት የመጣችው ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ነው። ተረኛ ሆና አድራ፣ ነጭ ልብሷን ሳትቀይር፣ በጠዋት በሩን አንኳኳች። ይቅርታ አላለችም፤ ይቅርታውን ብዙ ጊዜ ብላው ስለነበር ቲቸር ከእንግዲህ እንዳትደግመው ከልክላታለች። ሻይ ጠጡ። ስለ ተራ ነገር አወሩ። ከዚያ ልጅቱ ሻንጣ መግዛት እንዳለባት ተናገረች።

"ብቻዬን መሄድ አልፈለግኩም" አለች።

"ጫማዬን ላድርግ" አለች ቲቸር።

ሻንጣ ተራ ውስጥ ልጅቱ አንዲት ትንሽ፣ ጎማዋ ጥሩ የሚሽከረከር፣ ሰማያዊ ሻንጣ መረጠች። እያመላለሰች ጎተተቻት። "ይቺ ትበቃኛለች። ምን ብዙ ልብስ አለኝ? ደግሞ ቶሎ ቶሎ እመጣለሁ።"

ቲቸር ትንሿን ሻንጣ አየቻት። ባለሱቁ ዋጋ እየተናገረ ነበር፤ አልሰማችውም። ሆዷ ባባ፤ በዚህ ጊዜ ንዴት ነው ብላ ራሷን አላታለለችም።

"ትልቁን ያውርድልን" አለችው ባለሱቁን፣ ከላይ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጥቁር ሻንጣ እያሳየች።

"አክስቴ፣ እሱ እኮ እኔን ራሴን ይከታል።"

"ትልቁን ግዢ። ትንሹን ከገዛሽ እመጣለሁ ያልሽው እውነት ይመስለኛል፤ ስጠብቅሽ እኖራለሁ።"

ልጅቱ ትንሿን ሻንጣ ቦታዋ መለሰቻት። ባለሱቁ በመሰላል ወጥቶ ትልቁን አወረደው፣ አቧራውን በክንዱ ጠረገው። ሁለቱ ሴቶች እጀታውን አንድ ላይ ይዘው፣ ዋጋው ተወደደ እየተባባሉ፣ እየተነጫነጩ፣ በሕዝቡ መሀል ይዘውት ወጡ።